ሊኑክስ ሚንት 22 ለጌም ተጫዋቾች፦ ዝማኔው በባለቤቱ ፈቃድ የሚሆንበት ስርዓተ ክወና

ኮምፒውተሩን በዋናነት ለጌም የሚጠቀም ሰው ከስርዓተ ክወናው የሚጠብቀው ብዙ አይደለም። ትናንት በደህና ይሠራ የነበረው ጌም ዛሬም እንዲከፈትለት፣ ጨዋታ መሀል ላይ ማሽኑ በራሱ ጊዜ ሌላ ሥራ እንዳይጀምርበት፣ የገዛው የኢንተርኔት ጥቅልም ላላዘዘው ነገር እንዳያልቅበት ይፈልጋል። ይህ ቀላል የሚመስል ፍላጎት ግን በሰፊው በተሠራጩት ስርዓተ ክወናዎች ዘንድ ከዓመት ወደ ዓመት እየራቀ መጥቷል። ስለዚህም ሊኑክስ ሚንት 22ን ስገመግም፣ ከመልኩ ማማርና ከአዳዲስ ነገሮቹ ብዛት አስቀድሜ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ በማሽኑ ላይ መቼ ምን እንደሚለወጥ የሚወስነው ማን ነው?

የጥያቄውን ክብደት ለመረዳት በዊንዶውስ በኩል በይፋ የሚታወቀውን ማስታወስ ይጠቅማል። የዊንዶውስ 11 ተጠቃሚ ዝማኔን ወደ ሌላ ጊዜ ማስተላለፍ የሚችለው ቢበዛ ለ5 ሳምንታት ሲሆን፣ ጊዜው ሲያበቃ እንደገና ለማስተላለፍ በቅድሚያ የተጠራቀመውን መጫን ግድ ይለዋል። ማሽኑ በራሱ ጠፍቶ እንዳይነሣ የሚከለክለው የሥራ ሰዓት ቅንብርም ከ18 ሰዓት አያልፍም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 የወጣው የዊንዶውስ 10 ትልቅ ዝማኔ የአንዳንድ ተጠቃሚዎችን ፋይሎች በመሰረዙ፣ ማይክሮሶፍት ሥርጭቱን አቁሞ በቀጣዩ ወር እንደገና ለመጀመር ተገዷል። በ2024 የወጣው 24ኤች2 የተባለው የዊንዶውስ 11 ዝማኔ ደግሞ አሳሲንስ ክሪድ ቫልሃላን፣ ኦሪጅንስንና ኦዲሲን፣ እንዲሁም ስታር ዋርስ አውትሎውስን የመሳሰሉ የዩቢሶፍት ጌሞችን ያደርቅ ስለነበር፣ እነዚህ ጌሞች ያሉባቸው ኮምፒውተሮች ዝማኔውን እንዳያገኙ ኩባንያው ራሱ ለጊዜው አግዷል። ጌሙ ያው ጌም፣ ግራፊክስ ካርዱም ያው ካርድ ሆኖ ሳለ፣ ተጫዋቹ ያልጠየቀው ለውጥ ከሥር መጥቶ መጫወቻውን አሳጣው ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ግን የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ማብቃቱ ነው። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ክፍልና በኢንቴል በኩል ከጥቂቶች በስተቀር ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያለ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ 6ኛና 7ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ያላቸው፣ ዛሬም ብዙ ጌሞችን በአግባቡ የሚያጫውቱ ማሽኖች በይፋ ከመንገዱ ውጭ ሆነዋል። ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝቶ ግራፊክስ ካርድ ጨምሮበት ለሚጫወት የአገራችን ወጣት ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። የዊንዶውስ 11 ሆም ፈቃድ በይፋዊ ዋጋው 139 የአሜሪካ ዶላር ስለሆነ፣ ብዙዎች በክራክ የተጫነውን ይዘው፣ እንዳይነቃባቸው ዝማኔውን ጨርሶ ዘግተው ይኖራሉ፤ ይህም ማሽኑን ለቫይረስ ክፍት አድርጎ መተው ነው። በዚህ ላይ በሞባይል ጥቅል ኢንተርኔት የሚጠቀም ሰው በጊጋባይት የሚቆጠር ፋይል ሳያውቀው ሲወርድበት፣ ወይም ዝማኔው እየተጫነ ሳለ መብራት ሲጠፋበት የሚደርስበትን ኪሳራ ያየው ያውቀዋል። ተጫዋቾች በዝማኔ ላይ የሚያሰሙትን ምሬት ከስንፍና የመጣ አድርገው የሚያዩ ሰዎች ይህንን ኑሮ ቢያዩት ሐሳባቸውን ይለውጡ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሊኑክስ ሚንት እ.ኤ.አ. በ2006 በክሌመንት ሌፌቭር የተጀመረ፣ በልገሳና በድጋፍ ሰጪዎች የሚተዳደር፣ በነጻ የሚገኝ የሊኑክስ ሥርጭት፣ ማለትም በሊኑክስ ላይ ተሠርቶ የተዘጋጀ ሙሉ ስርዓተ ክወና ነው። 22ኛው ተከታታይ በ2024 ወጥቶ ኡቡንቱ 24.04 በተባለው ሌላ ሥርጭት ላይ የተገነባ ሲሆን፣ የደህንነት ጥገናው እስከ 2029 ይቀጥላል። ለመጫን የሚያስፈልገው ወደ 3 ጊጋባይት የሚጠጋ አንድ ፋይልና አንድ ፍላሽ ብቻ ነው። ፍላሹን ሰክቶ ኮምፒውተሩን በማስነሣት፣ በሃርድ ዲስኩ ላይ ምንም ሳይነካ ዋይፋዩ፣ ድምፁና ስክሪኑ በትክክል መሥራታቸውን አስቀድሞ ማየት ይቻላል። መጫኑ ራሱ ማንኛውም ኮምፒውተር ፎርማት አድርጎ የሚያውቅ ሰው የሚወጣው ሥራ ስለሆነ ብዙ አልልበትም።

የዚህን ስርዓት ዋጋ ያየሁት የዝማኔ ማስተዳደሪያው ላይ ነው። በስክሪኑ ታችኛ ጠርዝ ላይ አንዲት የጋሻ ምልክት አለች፤ አዲስ ዝማኔ ሲኖር ትንሽ ነጥብ ታሳያለች እንጂ ከዚህ ያለፈ ነገር አታደርግም። ምልክቷ ሲነካ የሚከፈተው ዝርዝር የእያንዳንዱን ዝማኔ ስም፣ አዲሱን እትምና መጠኑን ከማሳየቱም በላይ፣ የደህንነት ጥገና፣ የተራ ሶፍትዌር ለውጥ ወይም የከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ለውጥ መሆኑን ለይቶ ያስቀምጣል። አንዱን መርጦ ምን እንደተለወጠበት ማንበብ ይቻላል። የማይፈለገውን ለዚህ ጊዜ ብቻ ወይም ከእንግዲህ ለዘለቄታው መተው ይቻላል። ዛሬ የደህንነት ጥገናዎቹን ብቻ ወስዶ፣ ከበድ ያለውን የግራፊክስ ድራይቨር ዋይፋይ ወዳለበት ቦታ እስኪሄዱ ድረስ ማቆየት ይቻላል። ምን መቼ እንደተጫነ የሚያሳይ ታሪክም ስለሚቀመጥ፣ አንድ ጌም በድንገት መንገጫገጭ ቢጀምር ከዚያ በፊት ምን እንደተለወጠ ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። በራሱ እንዲያዘምን የሚፈልግ ሰው ይህን ማብራት ይችላል፤ ሲጫን ግን ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ ትክክለኛውም ይህ ነው። ዳግም መነሣት የሚያስፈልገው በዋናነት ከርነሉ ወይም ድራይቨሩ ሲለወጥ ሲሆን፣ ያኔም መልእክት ያሳያል እንጂ ማሽኑን በራሱ አያጠፋም። ከጓደኞቻችን ጋር የጀመርነው ዶታ 2 እስኪያልቅ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ሳምንት ቢቆይ ቅር የሚለው አካል የለም።

ዝማኔ የሆነ ነገር ቢያበላሽስ ለሚለው ስጋት ሚንት ሁለት መልስ አለው። የመጀመሪያው ታይምሺፍት የተባለው፣ የስርዓቱን ሁኔታ በየጊዜው ቀድቶ የሚያስቀምጥና ሲያስፈልግ ወደ ኋላ የሚመልስ መሣሪያ ነው። በነባሪ ቅንብሩ የግል ፋይሎችን ስለማይጨምር፣ የጌም መሸጫው ስቲም ጌሞቹን የሚያስቀምጥበት ቦታ በቅጂው ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ ቅጂው የሚይዘው ቦታ መጠነኛ ነው። በአንጻሩ የጌም ሴቮችንና ፎቶዎችን ለየብቻ መገልበጥ የባለቤቱ ኃላፊነት መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ሁለተኛው መልስ የቆየው ከርነል ሳይጠፋ መቆየቱ ነው፤ አዲሱ ከግራፊክስ ካርዱ ጋር ባይስማማ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ሊከፈት ከሚችለው ዝርዝር ውስጥ የቀድሞውን መርጦ መግባት ይቻላል። ይህ መንገድ ተዘጋጅቶ መገኘቱ የሚሰጠው መረጋጋት ለተጫዋች ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ጌሞቹ ስንመጣ፣ የስቲም ባለቤት የሆነው ቫልቭ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2018 ፕሮቶንን ይፋ እስካደረገበት ጊዜ ድረስ በሊኑክስ ላይ መጫወት የጥቂት ትዕግሥተኞች ሥራ ነበር። ፕሮቶን ከ1993 ጀምሮ ሲሠራበት በቆየው፣ የዊንዶውስ ሶፍትዌርን በሊኑክስ ላይ በሚያስኬደው ዋይን ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ለዊንዶውስ የተጻፈውን ጌም ሊኑክስ በሚረዳው መንገድ ያስኬደዋል። ዲኤክስቪኬ የተባለው ክፍሉ የዳይሬክትኤክስ 9፣ 10 እና 11 የሥዕል ትእዛዞችን፣ ሌላው ክፍሉ ደግሞ የዳይሬክትኤክስ 12ን ትእዛዞች ቩልካን ወደተባለው፣ በሊኑክስም ወደሚሠራው የሥዕል ትእዛዝ ቋንቋ ይለውጣቸዋል። በ2022 በሊኑክስ የሚሠራው በእጅ የሚያዝ መጫወቻ ስቲም ዴክ ገበያ ላይ ከዋለ ወዲህ የጌም ሠሪዎች ትኩረት ጨምሯል፤ በኦክቶበር 2025 የስቲም ወርኃዊ መጠይቅም የሊኑክስ ድርሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ3 በመቶ በላይ ሆኗል። ትንሽ ቁጥር ይመስላል፤ ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው ጋር ሲነጻጸር ግን ተጫዋቾች በእግራቸው የሰጡት ድምፅ ነው።

በሚንት ላይ ስቲምን ከሶፍትዌር ማስተዳደሪያው በአንድ ጠቅታ መጫን ይቻላል። ዶታ 2 እና ካውንተር ስትራይክ 2 የሊኑክስ እትም ስላላቸው ያለ ፕሮቶን ይሠራሉ። ዊቸር 3፣ ኤልደን ሪንግ እና የጂቲኤ 5 የታሪክ ክፍል በፕሮቶን በኩል ይሄዳሉ። እኔ የምጠቀምበት ኤኤምዲ አርኤክስ 580 የቆየ ካርድ ቢሆንም፣ ድራይቨሩ ከስርዓቱ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ከኢንተርኔት ፈልጌ የጫንኩት ነገር አልነበረም፤ ዊቸር 3ን በመካከለኛ ቅንብር ስጫወት ፍሬሙ የተረጋጋ፣ መቆራረጡም ጥቂት ነው። አንድ ጌም ከመግዛት ወይም ከማውረድ በፊት ተጫዋቾች የራሳቸውን ልምድ የሚመዘግቡበትን ፕሮቶንዲቢን ማየት ጊዜንም ገንዘብንም ያድናል።

የኤንቪዲያ ካርድ ያላቸው ሰዎች የድራይቨር ማስተዳደሪያውን ከፍተው የሚመከረውን እትም መምረጥ አለባቸው። አዳዲስ የዳይሬክትኤክስ 12 ጌሞች በኤንቪዲያ ካርድ ላይ ከዊንዶውስ ይልቅ ዝቅ ያለ ፍሬም እንደሚሰጡ የታወቀ ነው። ይበልጥ መጠንቀቅ ያለባቸው ግን በጣም የቆየ ማሽን ያላቸው ናቸው። የአሁኑ ዲኤክስቪኬ ቩልካን 1.3ን ስለሚፈልግ፣ ጂቲኤክስ 600ን እና አብዛኞቹን የ700 ካርዶች፣ እንዲሁም የ4ኛ ትውልድ ኢንቴል አብሮ የተሠራ ግራፊክስን ይዞ የሚመጣ ሰው አብዛኞቹ ጌሞች ሊከፈቱለት አይችሉም፤ ወይም ኦፕንጂኤል በተባለው በቆየውና በዘገምተኛው መንገድ ይሄዱለታል። ያገለገለ ዴስክቶፕ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ኮምፒውተር ቤት ከመሄዱ በፊት ይህን ቢያውቅ ይጠቀማል፤ 6ኛ ትውልድ ኢንቴልና ከዚያ በኋላ ያሉት ከዚህ ችግር ነጻ ናቸው።

ዳታ የሚቆጥብ ሰው ማወቅ ያለበት ሌላ ነገርም አለ። ስቲም በሊኑክስ ላይ የጌሞቹን ሼደር (ግራፊክስ ካርዱ ሥዕሉን የሚሠራባቸውን ትንንሽ ፕሮግራሞች) አስቀድሞ እያወረደ ያስቀምጣል። ይህ ጨዋታው እንዳይቆራረጥ ቢረዳም በየጊዜው የሚወርደው ነገር ይጠራቀማልና፣ በጥቅል የሚጠቀም ሰው ከስቲም ቅንብር ውስጥ ቢያጠፋው ይሻለዋል። ከዊንዶውስ የመጣ፣ በኤንቲኤፍኤስ የፋይል አሠራር የተዘጋጀ ዲስክ ላይ ያሉትን ጌሞች እዚያው እንዳሉ ለመጫወት መሞከርም አይመከርም፤ ፋይሎቹን ወደ ሊኑክሱ ክፍል መገልበጥ እንደገና ከማውረድም፣ ከማይታወቅ ስህተት ጋር ከመታገልም ያድናል።

አሁን ወደ ትልቁ ጉድለት ልግባ። በአገራችን ጌም ቤቶች ከሁሉም በላይ የሚወደደው እግር ኳስ ነው፤ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 25 ደግሞ በሊኑክስ ላይ አይሠራም። ቫሎራንት አይሠራም። ፎርትናይት አይሠራም። ጂቲኤ ኦንላይን ከሴፕቴምበር 2024 ወዲህ ተዘግቷል። ኤፔክስ ሌጀንድስ ለተወሰነ ጊዜ ይሠራ ነበር፤ በ2024 መጨረሻ አካባቢ ኩባንያው የሊኑክስ ተጫዋቾችን አስወጣ። የሁሉም ምክንያት የማጭበርበር መከላከያ ሶፍትዌር ነው። ኢዚ አንቲ ቺትም ሆነ ባትልአይ የተባሉት መከላከያዎች ከ2021 ጀምሮ ከፕሮቶን ጋር መሥራት የሚችሉበትን መንገድ ከፍተዋል፤ ኤልደን ሪንግን በሊኑክስ ላይ ከሌሎች ጋር በኦንላይን መጫወት የሚቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው። በሩን ለመክፈት የጌሙ ባለቤት መፍቀድ ብቻ ይቀራል፤ ብዙዎቹ ግን አልፈቀዱም።

ኩባንያዎቹ አጭበርባሪዎችን ለመከላከል ያላቸውን ፍላጎት አልቃወምም፤ በአጭበርባሪ የተበላሸ ጨዋታ የሚያስቆጣው መጀመሪያ ተጫዋቹን ነው። የማልቀበለው ለአንድ ጌም ሲባል በኮምፒውተሬ ከርነል ውስጥ፣ ማለትም ሁሉን ማየትና ሁሉን ማዘዝ በሚቻልበት ስፍራ፣ ኮዱን ማንም ሊመረምረው የማይችል ሶፍትዌር እንዲቀመጥ መጠየቄን ነው። በጁላይ 2024 የአንድ የደህንነት ኩባንያ የተሳሳተ ዝማኔ በማይክሮሶፍት ግምት ወደ 8.5 ሚሊዮን የሚጠጉ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን በአንድ ቀን ማቆሙ፣ በዚያ ስፍራ የሚደረግ ስህተት ምን ያህል ሩቅ እንደሚሄድ አሳይቷል። ያም ሆኖ የጓደኞቹ ቡድን የሚሰበሰበው በኤፍሲ ወይም በቫሎራንት ዙሪያ ለሆነ ሰው፣ ሙሉ በሙሉ ወደ ሚንት ሂድ ብዬ አልመክርም፤ ከጓደኞቹ ተለይቶ ብቻውን የሚቀር ተጫዋች የሚያገኘው ነጻነት ደስታውን አይተካለትም።

የክፍት ምንጭ ሶፍትዌርን የምመርጠው ስህተት የለበትም ብዬ አይደለም። በማርች 2024 ኤክስዜድ በተባለ በብዙ የሊኑክስ ሥርጭቶች ውስጥ ባለ ትንሽ ሶፍትዌር ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የኋላ በር ተገኝቷል። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ሲሆን፣ መነሻ የሆነው በኔትወርክ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መግባቱ ከተለመደው በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ነበር። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለነበር እርሱ እስከ ምንጩ ድረስ ተከትሎ ሄደ፤ ግኝቱም ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይፋ ሆነ። ሚንት የተመሠረተበት ኡቡንቱ 24.04 በወቅቱ ገና በዝግጅት ላይ የነበረ ሲሆን፣ ኡቡንቱው ከመውጣቱ በፊት የተበከለው እትም ተወግዷል። ተራው ተጫዋች ኮድ ማንበብ አይጠበቅበትም፤ ማንበብ የሚችሉ ሰዎች እንዳይከለከሉ ማድረግ ግን ለእርሱም ጥቅም ነው። የድጋፍ ዘመን ማብቃትም በክፍት ምንጭ ዓለም እንደ ፍርድ አይወርድም፤ አንዱ ሥርጭት ማሽኑን ቢተወው ሌላው ሊያነሣው ይችላል።

ከገንዘብ አንጻርም የሚነሣ ነገር አለ። ኤፒክ የተባለው የጌም መሸጫ በየሳምንቱ በነጻ የሚሰጣቸውን ጌሞች ሂሮይክ በተባለው የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር በኩል በሚንት ላይ መጫን ስለሚቻል፣ የዶላር ካርድ የሌለው ሰው በክራክ ፋንታ ሕጋዊ የጌም ስብስብ ሊያከማች ይችላል። ጌሞቹ ራሳቸው ክፍት ከሆኑት መካከል ሱፐርታክስካርትን ለልጆች፣ ዜሮ ኤዲን ደግሞ ጥንታዊ ጦርነትን ለሚወዱ እመክራለሁ፤ በዜሮ ኤዲ ውስጥ ከሮማና ከፋርስ ጎን የኩሽ መንግሥትን ይዞ መጫወት መቻሉ ለአካባቢያችን ሰው ልዩ ደስታ አለው፤ በትልልቆቹ ኩባንያዎች ጌሞች ውስጥ ይህን የመሰለ ነገር ማግኘት ብርቅ ነው። በግዕዝ ፊደል መጻፍ ለሚፈልጉም አይባስ በተባለው የቋንቋ መጻፊያ መሣሪያ በኩል፣ እንደ ቃሉ አነባበብ በላቲን ፊደል እየተጻፈ ወደ ግዕዝ የሚለወጥ የአማርኛ ኪቦርድ መጨመር ይቻላል፤ አቢሲኒካን የመሰሉ የፊደል ቅርጾችም በነጻ ይገኛሉ። ኪቦርዱን የመጨመሩ ሂደት ግን ለጀማሪ ግልጽ ስላልሆነ የሚንት አዘጋጆች ሊያሻሽሉት ይገባል።

ሌላው ጉድለት ሚንት ጥንቃቄን በማስቀደሙ የተነሣ አዲስ የወጣ ግራፊክስ ካርድ ቶሎ አለመደገፉ ነው። የዘንድሮ ካርድ የገዛ ሰው ፌዶራ በተባለው ሌላ የሊኑክስ ሥርጭት ላይ የተመሠረተውንና ለጌም ተብሎ የተዘጋጀውን ባዚትን ቢሞክር ይሻለዋል። በኤፍሲና በቫሎራንት የተያዘ ሰው ደግሞ ዊንዶውሱን በአንድ ዲስክ፣ ሚንትን በሌላ ዲስክ ለይቶ መጫን ይችላል፤ ሁለቱን በአንድ ዲስክ ላይ ከማድረግ ይልቅ መለየቱ፣ የአንዱ ዝማኔ የሌላውን ማስነሻ እንዳይነካ ያደርጋል። ከ6ኛ ትውልድ ኢንቴል ጀምሮ ያለ ማሽን ወይም እስከ ጥቂት ዓመታት በፊት የወጣ የኤኤምዲ ካርድ ይዘው በዋናነት ዶታን፣ ካውንተር ስትራይክንና ብቻቸውን የሚጫወቷቸውን ጌሞች ለሚወዱ ግን ሚንት 22ን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ራማቸው 8 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ለሆነ የሲናሞን እትሙን፣ በ4 ጊጋባይት ብቻ ለሚሠሩ ደግሞ ቀለል ያለውን የኤክስኤፍሲኢ እትም ቢያወርዱ ይስማማቸዋል።